«ወጥተናል» ያልኩበት ደቂቃ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከሮቤ ወደ ጊኒር ልትሄድ ተራ በያዘችው ሚኒባስ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን።

ሹፌሩ መሪውን ይዟል። ጋቢና ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጎባ ሐኪም ዘንድ ታይተው የሚመለሱ የጊኒር እህል ነጋዴ ተቀምጠዋል፤ ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መድኃኒታቸውን በጥቁር ፌስታል ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። በሐጂና በሹፌሩ መካከል ከሰሜን የመጣ መምህር አለ። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ጀምሮ፣ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ በሩ ሥር ደግሞ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ። ከእነሱ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል እኔ፤ ከእኔ ቀጥሎ ጎሮ የሚወርድ ገበሬ፤ ከእሱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሦስት ወጣቶችና ሌላ አንድ ባዶ ቦታ። ረዳቱ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ተራ አስከባሪው ውጭ ቆሟል።

ስም አልጻፍኩም። የአብዛኞቹን ስም አላውቅም፤ የማውቃቸውንም ሳላስፈቅድ መጻፍ አልፈለግሁም። የተቀመጡበትን ቦታ በትክክል ካስታወስኩ ግን ራሳቸውን ያገኙታል።

በዚያ ጠዋት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ጊኒር ውስጥ ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ሳይሰገድ ሞቷል። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ። በእኛ ቤተሰብ አባት ሲቀበር ልጅ መቃብሩ ውስጥ ይወርዳል፤ ከላይ ሲያቀብሉት በክንዱ ተቀብሎ በቀኝ ጎኑ ያስተኛዋል። ከዚያ በፊት፣ መገነዣው ከፈን ሳይታሰር፣ ፊቱን ያያል። እነዚህን ሁለቱን ለማድረግ መድረስ ነበረብኝ። ጀናዛ፣ የሟች አስከሬን ማለት ነው፣ ደግሞ አይዘገይም። በቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ላይ፣ ተሰግዶበት እንደሚቀበር ነግረውኛል።

አጎቴ የደወለልኝ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በማለዳ የሚወጣው አውቶቡስ ሄዷል። ስልክ የምጠግንባትን ክፍል ቆልፌ መናኸሪያ ስደርስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር። ተራ ያልደረሰው መኪና መጫን አይችልም፤ ተራ የደረሰው ደግሞ ሳይሞላ አይወጣም። መንገዱ ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብንወጣ እንኳ እደርሳለሁ ብዬ አስቤ ገባሁ።

ከዚያ ዞሬ የኋላውን ረድፍ አየሁ። ሦስቱ ወጣቶች ዕቃ የላቸውም። ወደ ጊኒር ቆላ የሚወርድ ሰው የደጋውን ጃኬት አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ እነሱ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አንዱ ሱፍ እየፈለፈለ ልጣጩን እግሩ ሥር ይተፋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥበትን ቦታ መንገደኛ እንዲህ አያቆሽሽም። ማሟያዎች ነበሩ። መኪናው ሊሞላ ጥቂት የቀረው እንዲመስል ይቀመጣሉ፤ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ።

የማውቀው እኔም ማሟያ ስለነበርኩ ነው። ከጊኒር ወደ ሮቤ በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነበር። በአንድ ቀን ወደ ዲንሾ፣ ወደ ብድሬ፣ ወደ ጊኒር ተሳፍሬ አንድም ቦታ ሳልደርስ እመሻለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከዘጠነኛ ክፍል ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በቆመ መኪና ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ የገባኝ እዚያ ነው፤ ዛሬ የምበላውም በእሱ ነው። ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ደጋግመው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ለምን እንደሚቸኩሉ አንዱንም ጠይቄ አላውቅም። እያነበብኩ ነበር።

ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚጎድል ከተራ አስከባሪው እኩል አውቅ ነበር። ረዳቱ «ጊኒር! ጊኒር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። የጎደለው አምስት ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ሰው መናገር ጀመረ። ሐጂ ናቸው የጀመሩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የኪራይ ቤት?»

ረዳቱ አንገቱን አስገባ። «ሐጂ፣ እርስዎን ኪራይ አንጠይቅዎትም። እንደ ቤትዎ ይቀመጡ።»

«የኔ ሽንኩርት እኮ በቀለ!» አለች ነጋዴዋ።

«እናቴ፣ ጊኒር ስንደርስ አበባውን ትሸጪዋለሽ።»

መምህሩም ሳቀ። «ይሄ መኪና ተማሪዎቼን ይመስላል። አቤት ይላል፣ አይመጣም።»

ሐጂ ወደ እሱ ዞረው፣ «መምህር፣ ኦሮምኛ ለመልመድ ጥሩ ጊዜ አገኘህ። ‹ኮቱ› በል። ና ማለት ነው» አሉት።

መምህሩ በመስኮቱ አሻግሮ፣ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ «ኮቱ! ኮቱ!» ይል ጀመር። ማንም አልመጣም። ሕፃኑ ብቻ ሳቀ።

እኔ አፌን ለመክፈት እየተዘጋጀሁ ነበር። የምለውን በልቤ አዘጋጅቻለሁ፦ «ይቅርታ፣ አባቴ ሞቶብኝ ነው፤ ዙህር ላይ ይቀበራል።» ከዚያ ያለፈ ቃል አያስፈልገውም። ይህንኑ ልል ጉሮሮዬን ስጠርግ ሽንኩርት ነጋዴዋ ቀደመችኝ።

«ውጡ እንጂ! ቀብር አለብኝ እኮ!»

ረዳቱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ ደግሞ?»

«የአክስቴ ባል።»

«እናቴ፣ ባለፈው ሐሙስም የአክስትሽ ባል ነበር የሞተው። ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው የሚቀበረው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሴትየዋ ራሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከኋላ ያሉት ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይህንን ሳልጽፍ ባልፈው ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ግን ሳቅሁ።

ምክንያቱ ይገባኛል። መናኸሪያ ውስጥ «ቀብር» የቸኮለ ሰው ሁሉ የሚመዛት የመጀመሪያ ቃል ናት። ማሟያ ሆኜ በተቀመጥኩበት ዓመት ስንቱ አክስትና ስንቱ አማች ሲሞት ሰምቻለሁ! ተራ አስከባሪው «በቀን አሥር ሰው የሚሞተው በኛ መናኸሪያ ነው፤ አንድም ሬሳ አላየንም» ይል ነበር። ከዚያ ሳቅ በኋላ የአባቴን ሞት አውጥቼ ብናገር እሱም ከአክስቷ ባል ጋር ይቆጠራል ብዬ ፈራሁ። አባቴን የሚስቁበት መሰለኝ። ያዘጋጀሁትን ተውኩት።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ረዳቱ «ሞላ! ሞላ! እንሂድ!» ብሎ በሩን በኃይል ዘጋው። መኪናው ወደ መውጫው ተንቀሳቀሰች። በመናኸሪያው በር ላይ ቦዩን የሚሸፍን የብረት ፍርግርግ አለ፤ ጎማ ሲያልፍበት ሁለት ጊዜ ይንቀጫቀጫል፤ ሲወጣበት አንዴ፣ ሲወርድ አንዴ። በዚህ መካከል ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወጣችሁ? ካልወጣችሁ…»

«ወጥተናል» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ! በቃ፣ እንጠብቅሃለን» ብሎ ዘጋው።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ማርሹን ቀይሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ነበርንበት ቦታ መለሰን። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወረደና «ጊኒር! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» አለ።

ይህንንም ብልሃት አውቀዋለሁ። መኪናው ሊወጣ ነው ብሎ የሚሮጥ ሰው እንዲመጣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ወደ በሩ ሄዶ ይመለሳል። ከውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

መልሼ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን በእጄ ይዤ አየሁት። «ተመልሰናል» ልለው ነው፤ ከዚያ ደግሞ አሁን እንወጣለን፤ ታዲያ ለምን በሐዘኑ ላይ ሌላ ጭንቀት እጨምርበታለሁ አልኩ። አምስት ደቂቃ ልጠብቅ አልኩ። አምስት ደቂቃው ሲያልፍ ሌላ አምስት ጨመርኩ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በመስኮቴ በኩል፣ ሲሚንቶ የጫነች አንዲት አይሱዙ በአስፋልቱ መጣች። ጋቢናዋ ሰማያዊ ነው፤ የግራ መስታወቷ በላስቲክ ታስሯል፤ የፊት መብራቷ አንዱ ተሰብሯል። መናኸሪያው በር ላይ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ልትቆም መሰለ። ከዚያ ጥሩንባ ሳትነፋ ወደ ጎሮ መንገድ ቀጠለች። እንዲሁ አየኋት። ትንሽ ነገር መያዝ ልማዴ ስለሆነ እንጂ ምንም አልመሰለኝም።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ ጠራ። አጎቴ። አላነሳሁም። ጎሮ እየተቃረብን ነው ልለው አልቻልኩም፤ ሮቤ ነኝ ልለውም አልቻልኩም። ገበሬው ዞር ብሎ አየኝ። «ይጠራሃል» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ሲቀረው እንደገና ጠራ። ጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት። ሲንቀጠቀጥ እስከ ወገቤ ይሰማኝ ነበር።

በዚህ መካከል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥታ ከገበሬው አጠገብ ተቀመጠች። ቆይቶ ፍራሽ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ መጣ፤ ፍራሹን ላይ ጭነው እሱን ከኋላ አስገቡት። አሁን አሥራ ሁለቱም መቀመጫ ሞላ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እልል አለች። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉ። አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር።

ያን ጊዜ ተራ አስከባሪው በኋላ መስኮት መጥቶ በጣቱ አንኳኳ። «እናንተ፣ ውረዱ። የዲንሾው መኪና ባዶውን ነው።»

ሦስቱ ተነሡ። ባለ ሱፉ በእኔ በኩል ሲያልፍ ልጣጩ ከጭኑ ላይ ተራገፈ። ዝቅ ብሎ አየኝ፤ ሳያውቀኝ አልቀረም። ቀና ብዬ አላየሁትም።

የተነሣው ጩኸት ይህ ነው የሚባል አይደለም። መምህሩ «ሌቦች!» አለ። እናትየው ሕፃኗን ይዛ ልውረድ አለች። ሐጂ በከዘራቸው የጋቢናውን ወለል መቱት። «እኛን ከሰው ቆጥራችሁ ነው ወይስ ከጆንያ?»

ረዳቱ «ሦስት ሰው ብቻ ነው እኮ! አሁን ይመጣል!» ይላል።

እኔ አልጮህኩም። ነርሷ ወደ ኋላ ዞራ ልትናገር ስትል አየችኝ። ከመቀመጫዋ ተጠማዝዛ አንጓዬን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ? እጅህ በረዶ ነው።»

«አባቴ ሞቷል» አልኳት። «ዙህር ላይ ይቀብሩታል።»

ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አሁን ለመሳቅ አይደለም። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አየ። የሚጣራውን ስም ግማሽ ላይ ተወው። ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል ያልተናገረ ሰው ነው።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ተቀምጠህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ ዘሎ ገባ። መናኸሪያው በር ላይ፣ መውጫውን በሚዘጋው ገመድ ፊት፣ ተራ አስከባሪው እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«የት ነው? አልሞላህም! የመውጫ ወረቀት አልያዝክም!»

«ጀናዛ ነው።»

«የማን?»

«የልጁ አባት።»

ተራ አስከባሪው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እኔን ያውቀኛል፤ በእሱ እጅ ነበር የሠራሁት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ገመዱን ራሱ ዝቅ አደረገው። ለመውጣት አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጥኩበትን ነገር አራት ቃል ፈታው። ለካ መቼም ቢሆን ይፈታው ነበር።

መንገዱን ሁሉ ሦስቱ መቀመጫዎች ከኋላዬ ባዶ ነበሩ። ሰዎች በየመንገዱ ዳር እጃቸውን ያነሡ ነበር፤ ሹፌሩ አንዱንም አልጫነም። ሁለቱም ወገን ስንዴ ነው፤ ኮምባይነር የሚያጭድበት ማሳ ዳር አቧራው መንገዱን ሸፍኖት እንኳ ፍጥነት አልቀነሰም። ለአጎቴ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ጎሮ ስንደርስ ገበሬው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ወረደ። ላይ የተጫነ ጆንያ ነበረው። «በኋላ ትመልሱልኛላችሁ፣ ሂዱ! ሂዱ!» እያለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታው።

እዚያው ጎሮ ላይ የዙህር አዛን ሰማን። ረዳቱ ወደ ሐጂ ዞረ፤ ለሶላት እንዲቆም የሚጠይቁት መስሎታል።

«መንገደኛ ነን፣ ከአስር ሶላት ጋር እናጣምረዋለን» አሉ ሐጂ። «ንዳ።»

የቆላው ሙቀት በመስኮት ይገባል። ሁሉም ሰዓቱን ያይ ነበር፤ እኔ ብቻ ማየት ተውኩ።

ጊኒር የገባነው ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሹፌሩ መናኸሪያ ሳይገባ ወደ መቃብሩ ወሰደኝ። ገና ሳንደርስ ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው ሲመለሱ አየን። ሁለቱ አካፋ በትከሻቸው ይዘዋል። ሹፌሩ መኪናውን አቆመ። ሞተሩን አጠፋው።

አጎቴ ከፊት ነበር። እስከ ክርኑ አፈር ነው። በእኔ ፋንታ የወረደው እሱ ነው። አቀፈኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ራቅ አደረገኝ።

«እስከ ሰባት ተኩል ጠበቅን፣ ኢልማ ኮ። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ አይቻልም አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥተናል አላልከኝም? ምን አገኛችሁ?»

ከኋላዬ ረዳቱ «ጎማ ፈንድቶብን ነው፣ ኦቦ» አለ። «ሁለቴ። ይቅር በሉን።»

ሐጂ ጋቢና ውስጥ ሆነው ሰሙት። ዝም አሉ። ሽንኩርት ነጋዴዋም፣ ነርሷም፣ ሁሉም ዝም አሉ። ለእኔ ብለው ነው።

«የአላህ ሥራ ነው» አለ አጎቴ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እኔ እኮ የጎረቤታችን ልጅ ሲሚንቶ ጭኖ ከሮቤ እየወጣ ነው ሲሉኝ፣ መናኸሪያው በር ላይ እንዲያነሳህ ነግሬው ነበር። ያን ጊዜ የደወልኩልህ ለእሱ ነው። ወጥተናል ስትለኝ፣ ሄዷል አትቁም አልኩት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ደርሶ ከእኛ ጋር ሰገደ።»

ሰማያዊ ጋቢና፤ በላስቲክ የታሰረ የግራ መስታወት። መኪናዋ እዚያው፣ ከመቃብሩ አጠገብ ባለው መስጊድ ጥግ ቆማ ነበር።

ለእናቴ እስከ ዛሬ የነገርናት የጎማውን ነገር ነው። ወሬው ሲነሣ መንገዱን ትረግማለች። ይህንን የምጽፈው መጀመሪያ ለእሷ ካነበብኩላት በኋላ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሎኛል፤ ያለ እሱ ላነብላት አልቻልኩም፤ ስለዚህ አስቀድሜ አብራችሁኝ ለተሳፈራችሁት አቀርበዋለሁ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ «ወጥተናል» ስል መኪናዋ የት ነበረች? የብረቱ ፍርግርግ አንድ ጊዜ ሲንቀጫቀጥ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ሁለተኛውን አላስታውስም። ከዚያ በፊት ፍሬን ተይዞ ከሆነ፣ እንዳልወጣን እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። የፊት ጎማው ብረቱን አልፎ ከነበረ ደግሞ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል የእውነት ወጥተን ነበር፤ እኔም እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ አምኜ ነበር።

ነርሷ፣ አንቺ በመስኮቱ በኩል ነበርሽ፤ ፊትሽ ወደ በሩ ነበር። መምህር፣ አንተ ከፊት ነበርክ፤ መንገዱን እያየህ «ኮቱ» የምትልለት ሰው ትፈልግ ነበር። ሐጂ፣ እርስዎ ደህና ከሆኑ፣ ገመዱ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ተወጥሮ ነበር ወይስ ዝቅ ብሎ ነበር? ባለ ሱፉ ወንድሜ፣ አንተ ከሁላችንም ይበልጥ ታውቃለህ፤ ሥራህ ነው። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ ለእኔ ብላችሁ እንደዚያን ቀን ዝም አትበሉ። ሮቤ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባሉት ሱቆች መጨረሻ፣ ስልክ የምጠግንባት ክፍል ውስጥ ነኝ። በሯ ከፍርግርጉ ትይዩ ነው፤ የሚያልፍበት ጎማ ሁሉ ይሰማኛል።